ድንበር በማዕድ ላይ አይሠመርም



«የእናት ሆድ ዥንጉርጉር» ይላሉ አበው። ይህን የሚሉት ከአንድ ማሕፀን የወጡ ልጆች በመልክም በጠባይም ሊለያዩ እንደሚችሉ ለማስረዳት ነው። በአፍሪካ ቀንድ የደረሰው ነገር ግን ለዚህ ጥንታዊ አባባል ያልታሰበ ትርጉም ሰጥቶታል። ከአንድ ማሕፀን የወጡ ልጆች በዜግነት ተለያይተው፣ አንደኛው በዚህኛው፣ ሁለተኛው በዚያኛው ምሽግ የቆሙበት ጊዜ ታይቷል። እናትም ለሁለቱም ስትጸልይ አድራለች።

ፖለቲካ፣ ስደትና የማንነት ጥያቄ ዛሬ የብዙ ኅብረተሰቦችን መልክ የሚወስኑ ነገሮች እንደሆኑ በየጊዜው ይነገራል። ነገሩን በጥቅሉ ከማተት ይልቅ በቅርብ የምናውቀውን አንድ ምሳሌ ማንሣት ይሻላል ብለን በማመን፣ በዛሬው ዓምዳችን በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ስለተከፈሉ ቤተሰቦች እንነጋገራለን። ዓምዱ የቤተሰብ ዓምድ እንደመሆኑ መጠን የድንበር ክርክር ውስጥ አንገባም። የእኛ ጥያቄ በየጦር ሠፈሩ እናቶች ዘወትር የሚያነሡት ጥያቄ ነው። አያቱ ከወዲያ ማዶ የሆኑበት ሕፃን ከትምህርት ቤት ተመልሶ «አያቴ ጠላት ናቸው ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ ምን ተብሎ ይመለስለት?

የተደባለቀው ቤት እንዴት ተሠራ?

ኤርትራ በ1882 ዓ.ም. በስሟ የጣሊያን ቅኝ ግዛት ሆነች። ከጣሊያን በኋላ በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ቆይታ በ1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተዋሐደች። ፌዴሬሽኑ በ1955 ዓ.ም. ፈረሰ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1953 ዓ.ም. መጨረሻ የተጀመረው የትጥቅ ትግል 30 ዓመት ያህል ዘለቀ።

ታሪክ ጸሐፊዎች የሚያተኩሩት በጦርነቱ ላይ ነው። በእነዚያው ዓመታት ግን ሌላም ነገር ሲካሄድ ነበር። መካኒኩ፣ ነጋዴው፣ መምህሩና የመሥሪያ ቤት ጸሐፊው ከአስመራና ከአካለ ጉዛይ ተነሥተው በአዲስ አበባ፣ በደሴ፣ በጎንደርና በድሬዳዋ ጎጆ ቀለሱ። ከመሐል አገር የተመደበው ወታደርና የመንግሥት ሠራተኛም በአስመራ፣ በከረን፣ በምፅዋና በአሰብ ትዳር መሠረተ። ስለዚህ ከተደባለቁት ቤቶች ብዙዎቹ የወታደር ቤቶች ነበሩ ብንል አልተሳሳትንም። ባልየው ሲዘምት ሚስት ከእናቷ ዘንድ ትሰነብታለች፤ ልጁ በአባቱ ቋንቋ ይጠራል፣ በአያቱ ቋንቋ ይተኛል።

ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. የኤርትራ ሕዝባዊ ነፃ አውጪ ግንባር አስመራ ሲገባ፣ እነዚህ ቤቶች የመጀመሪያውን ምርጫ እንዲመርጡ ተገደዱ። የቀድሞው ሠራዊት አባላትና ቤተሰቦቻቸው በብዙ አሥር ሺዎች እየሆኑ ከኤርትራ እንዲወጡ ተደረገ። ከመካከላቸው ባላቸውን ተከትለው የማያውቁት አገር የገቡ የኤርትራ ተወላጅ ሚስቶች ነበሩ። ብዙዎቹም በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በላስቲክ መጠለያ ለዓመታት ኖሩ። ባሏን የተከተለች እናቷን ተለየች፤ ከእናቷ ጋር የቀረች ባሏን አጣች። በዚህ ምርጫ ላይ አስተያየት የሚሰጥ ካለ፣ ቀድሞ ራሱን በዚያች ሴት ቦታ ያስቀምጥ።

ካርዱና ሕጉ

ቀጥሎ የመጣው ነገር ጥይት የሌለበት በመሆኑ ማንንም አላስፈራም ነበር። ሚያዝያ 1985 ዓ.ም. በኤርትራ ነፃነት ላይ ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ። ከመራጩ 99.8 ከመቶ የሚሆነው ነፃነትን ደገፈ። በኢትዮጵያ የሚኖሩ የኤርትራ ተወላጆችም በአሥር ሺዎች እየሆኑ ባሉበት ከተማ ድምፃቸውን ሰጡ። አንዳንዱ በጽኑ እምነት፣ አንዳንዱ ከዘመዶቹ ላለመለየት፣ አንዳንዱም ጎረቤቱ ስለሄደ ሄደ። ከምርጫው ማግስትም ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ በኢትዮጵያ ፓስፖርት መጓዛቸውንና በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤት መቀጠራቸውን ቀጠሉ።

የሕጉን አሠራር ልብ ብሎ መመልከት ይጠቅማል። በ1984 ዓ.ም. የወጣው የኤርትራ የዜግነት ዐዋጅ ኤርትራዊ የሚለው ከኤርትራዊ አባት ወይም እናት የተወለደውን ነው፤ የዘሩም መነሻ የሚቆጠረው በፈረንጆቹ 1933፣ በእኛ 1925 ዓ.ም. አካባቢ፣ በኤርትራ ይኖሩ ከነበሩት ሰዎች ጀምሮ ነው። በሌላ በኩል በ1922 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የዜግነት ሕግ ከኢትዮጵያዊ አባት ወይም እናት የተወለደውን ኢትዮጵያዊ ይል ነበር፤ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘው ግን ኢትዮጵያዊነቱን ያጣ ነበር። እንግዲህ አባቱ ከመንደፈራ፣ እናቱ ከደብረ ብርሃን የሆኑበት፣ በአዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ልጅ የማን ዜጋ ነው? አንደኛው ሕግ በአባቱ በኩል ይጠራዋል፤ ሁለተኛው በእናቱ በኩል ይጠራዋል። ሁለቱ መንግሥታት በ1988 ዓ.ም. ክረምት ባደረጉት ስብሰባ እንዲህ ያሉ ሰዎች አንዱን ዜግነት እንዲመርጡ ይደረግ ብለው ተነጋግረው ነበር። ነገር ግን በሥራ ላይ ሳይውል ዋለ አደረ።

ሁለቱ መንግሥታት ወዳጆች ሳሉ ይህ ሁሉ የወረቀት ነገር ነበር። ሰላም ባለበት ጊዜ ሁለት ስም መያዝ ሁለት በር እንዳለው ቤት ነው። ጠብ ሲመጣ ግን ሁለቱም በሮች በአንድ ሌሊት ሊዘጉ ይችላሉ።

ሰኔ 1990 ዓ.ም.

ሚያዝያ 28 ቀን 1990 ዓ.ም. በባድመ የተጫረው እሳት ወደ ሙሉ ጦርነት ተሸጋገረ። በሰኔ ወር ከኢትዮጵያ የኤርትራ ተወላጆችን ማስወጣት ተጀመረ። በጦርነቱ ዓመታት የወጡት ሰዎች ቁጥር ወደ 75 ሺህ እንደሚደርስ ይገመታል። ብዙዎቹ የአገር ጸጥታ ያሠጋሉ ተብለው፣ በሕዝበ ውሳኔው ድምፅ መስጠታቸውም የኤርትራ ዜግነት እንደያዙ ማስረጃ ሆኖ ተቆጥሮ ነበር። በአውቶቡስ ተጭነው እስከ ድንበር ተወሰዱ። ኢትዮጵያዊቷ ሚስት ቀረች፤ ባልየው ሄደ። ሁለቱም ወላጆች የሄዱባቸው ሕፃናት ከጎረቤት ዘንድ የቀሩበትም ሁኔታ ነበር።

በወዲያኛውም ወገን ሐዘኑ አልቀረም። ከኤርትራ የተባረሩት ወይም ኑሮው አላስቆም ብሏቸው የወጡት ኢትዮጵያውያን ወደ 70 ሺህ እንደሚጠጉ ተገምቷል። ብዙዎቹ ከመመለሳቸው በፊት ታስረዋል፣ ተንገላተዋል። በተለይ አሰብ የተለየ ታሪክ አላት። ከተማዪቱ በአብዛኛው አማርኛ የሚነገርባት፣ ኑሮዋም በኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ንግድ ላይ የተመሠረተ ነበር። ኢትዮጵያ ጭነቷን ወደ ጅቡቲ ስታዞር ወደቡ ጭር አለ፤ የወደብ ሠራተኛውም ያለ ሥራ ቀረ። በአሰብ ወዝ ጠብ አድርጎ ልጅ ያሳደገ ሁሉ፣ አባቱ በልጅነቱ ትቶት ወደ ወጣው የወሎ ወይም የሸዋ መንደር እንግዳ ሆኖ ገባ።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ በተፈረመው ስምምነት መሠረት የተቋቋመው የካሣ ኮሚሽን ታኅሣሥ 8 ቀን 1997 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ፣ በሲቪሎች አያያዝ ረገድ ሁለቱም መንግሥታት በሕግ ተጠያቂ የሚሆኑባቸውን ድርጊቶች ለይቶ አስቀምጧል። በሕዝበ ውሳኔው ለመሳተፍ የተመዘገቡት ሰዎች ኤርትራዊ ዜግነት ሲያገኙ ኢትዮጵያዊነታቸውን ወዲያው እንዳላጡ፣ ይልቁንም የሁለት አገር ዜጎች ሆነው እንደቆዩ ገልጿል። እናቶች ከዳኞቹ ቀድመው ያውቁት የነበረው ነገር ይኸው ነው።

የሃያ ዓመት ዝምታ

ጦርነቱ በሰኔ 1992 ዓ.ም. ቢቆምም ሰላም አልወረደም። ስልኩ፣ ፖስታው፣ የአየርና የየብስ መንገዱ እንደተዘጋ 20 ዓመት ሞላው። ከአዲስ አበባ አስመራ በአውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ጥቂት ቢበልጥ ነው። ነገር ግን ሰው ሊደውል ሲፈልግ በአውሮፓ ወይም በአሜሪካ የሚኖር ዘመድ ሁለቱን መስመሮች አገናኝቶ፣ በመካከል ሆኖ እየሰማ ነበር የሚነጋገረው። ገንዘብ ያለው በካርቱም፣ በካምፓላ ወይም በዱባይ ቀጠሮ ይዞ ይገናኝ ነበር። ገንዘብ የሌለው የቀረችው አንዲት ቅጽ ናት።

ስለዚህች ቅጽ ትንሽ እንበል፤ ወታደርና የወታደር ሚስት የደብዳቤን ዋጋ ከሌላው ይልቅ ያውቃሉና። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ በጦርነት ለተለያዩ ቤተሰቦች የሚያደርሰው መልእክት በክፍት ወረቀት ላይ የሚጻፍ ነው፤ ፖስታው አይታሸግም። የሚጻፈውም የቤተሰብ ወሬ ብቻ ነው። ስለ ጦር፣ ስለ ፖለቲካ አንዲት ቃል አይገባበትም። የጦር ምርኮኞችም የመጨረሻዎቹ በኅዳር 1995 ዓ.ም. እስኪለቀቁ ድረስ ከቤተሰባቸው የሚገናኙት በዚሁ ነበር። እናት ምን ትጽፋለች? ወረቀቷን የማታውቃቸው ሰዎች እንደሚያነቡባት ታውቃለች። ስለዚህ «ሁላችንም ደህና ነን» ትላለች። «ታናሽህ 8ኛ ክፍል ገባ» ትላለች። «ቤቱን አሳደስነው» ትላለች። ናፍቆቷን ስታደባብቀው፣ ልጅየው ግን ከፊደሏ መንቀጥቀጥ ያነበዋል።

ከሁሉ የከበደው መርዶው ነበር። በባህላችን መርዶ እንዲሁ አይነገርም። ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ፣ ጎሕ ሳይቀድ ከቤት ይደረሳል፣ የሚደግፍ ሰው ከጎን ይቀመጣል፤ ከዚያም ለቅሶው ይነሣል፤ ድንኳኑ ይተከላል። ድንበሩ ሲዘጋ ይህ ወግ ሁሉ ፈረሰ። አባት ከሞተ ከዓመታት በኋላ ልጅ በሦስተኛ ሰው አፍ ይሰማል። ባዶ አልጋ አጠገብ፣ አፈር ሳያለብሱ ለቅሶ ይቀመጣል። ዘመድ ሞቶ ሳለ «ሰላም በሉልኝ» እያሉ መልእክት የላኩም ብዙዎች ናቸው። ጦርነት የገደላቸው ይቆጠራሉ። በወጉ ሳይለቀስላቸው የቀሩትን ግን የቆጠረ የለም።

አምቼ

ከኢትዮጵያ ከተሞች ሄደው አስመራ የገቡት ወጣቶች አንድ ቅጽል ስም ጠበቃቸው። «አምቼ» ይሏቸዋል። ስሙ የተወሰደው በኢትዮጵያ የኢቬኮ የጭነት መኪናዎችን ከሚገጣጥመው ፋብሪካ ነው። ዕቃው ከውጭ መጥቶ እዚህ እንደሚገጣጠም መኪና፣ እነርሱም «ዕቃቸው» ኤርትራዊ ሆኖ የተገጣጠሙት ኢትዮጵያ ውስጥ ነው ለማለት ነው። ቀልዱ ያስቃል፤ ውስጡን ሲያዩት ግን መራራ ነው። በተወለዱበት ከተማ ኤርትራዊ ተብለው የወጡ ልጆች፣ «አገራችሁ ነው» በተባሉበት ከተማ በትግርኛቸው ቅላጼ፣ በሚያዳምጡት የአማርኛ ዘፈንና በሰላምታ አሰጣጣቸው እንደ ኢትዮጵያዊ ታዩ። በሁለቱም ቤት እንግዳ ሆኑ።

ስደት ደግሞ መልሶ ሌላ ዙር አዞራቸው። በኤርትራ ሕግ 18 ወር የነበረው ብሔራዊ አገልግሎት ከጦርነቱ በኋላ መጨረሻው የማይታወቅ ሲሆን፣ ብዙ ወጣቶች ድንበር እየጣሱ ወደ ሱዳንና ወደ ኢትዮጵያ ወጡ። ከነዚያ ገሚሱ በሰሐራ በኩል ሊቢያ ደረሰ። መስከረም 23 ቀን 2006 ዓ.ም. በጣሊያን የላምፔዱዛ ደሴት አጠገብ አንዲት ጀልባ ሰጥማ ከ360 በላይ ሰዎች ሲያልቁ፣ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ። በኢትዮጵያ በሺመልባ፣ በማይ ዓይኒ፣ በዓዲ ሓሩሽና በሕፃጽ መጠለያዎች ተቋቁመውላቸው ነበር። በ2002 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ የሚደግፋቸው ዘመድ ወይም ወዳጅ ያላቸው ስደተኞች ከመጠለያ ውጭ እንዲኖሩ ተፈቀደ። ነገሩን ልብ በሉልን፤ በ1990 ዓ.ም. ለመባረር ምክንያት የሆነው ዝምድና፣ ከ12 ዓመት በኋላ ለመኖሪያ ፈቃድ ዋስ ሆነ። ዝምድናው ያው ነው። የተለወጠው ፖለቲካው ነው።

በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ

ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. በአስመራ የሰላምና የወዳጅነት የጋራ መግለጫ ተፈረመ። በዚያው ሰሞን ስልኩ ተቀጠለ። ዘመድ የሌለው እንኳ በዘፈቀደ የወዲያውን ቁጥር እየመታ ከማያውቀው ሰው ጋር «እንደምን ከረማችሁ» ተባባለ። ሐምሌ 11 ቀን የመጀመሪያው የመንገደኞች በረራ አስመራ ሲያርፍ፣ ሰዎች መሬቱን ተንበርክከው ሳሙት። አባቶች በልጅነታቸው የተለዩዋቸውን ሴቶች ልጆቻቸውን ጎልማሳ ሆነው አገኟቸው። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የዛላምበሳና የቡሬ መንገዶች ተከፈቱ፤ በዚያው ዓመት ውስጥ ግን የየብስ በሮቹ ተራ በተራ ተመልሰው ተዘጉ። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ በትግራይ የተነሣው ጦርነት ደግሞ ያንን ምድር ዳግመኛ አነደደው፤ የሺመልባና የሕፃጽ መጠለያዎችም ወደሙ።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? የመንግሥታት ወዳጅነትም ሆነ ጠብ ለቤተሰብ እንደ አየር ጠባይ ነው። ዝናቡን ቤተሰብ አያዘንበውም፣ አያቆመውም። ጣሪያውን ማበጀት ግን የቤተሰብ ሥራ ነው።

ጣሪያውን እንዴት እናብጅ?

በመጀመሪያ ለልጅ የዘር ሐረጉን ሳንከፍል እንንገረው። አባቶቻችን ለጋብቻ ሰባት ቤት ሲቆጥሩ የእናትንም የአባትንም ወገን ይቆጥሩ ነበር። በዘመናችን ግን አንዳንድ ወላጅ፣ ልጁን ይጠቀምልኛል ብሎ የአንዱን ወገን ስም ይደብቃል። የተደበቀ ስም ቀን ጠብቆ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ልጁ የሚያፍረው በአያቱ ሳይሆን በደበቀው ወላጁ ነው።

ሁለተኛ፣ በማዕድ ላይ የምንናገረውን እንጠንቀቅ። «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» ይባላል። ከግዳጅ የተመለሰ ወታደር በንዴት ስለ አንድ ሕዝብ የሚወረውረው ቃል፣ ከዚያ ሕዝብ የተወለደችው ሚስቱ ጉሮሮ ላይ እንደ አጥንት ይቀራል። የተቃራኒውን ጦር ስሙን ጠርቶ ጦር ማለት ይቻላል። ሕዝብን ሁሉ በአንድ ስድብ መጠቅለል ግን የወታደር ወግ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ወረቀት እናክብር። ማን የማን ልጅ እንደሆነ ሲያከራክር፣ የተራው ሰው ምስክር ወረቀቱ ነው። በኢትዮጵያ የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺና የሞት ምዝገባ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። ከሠፈር ወደ ሠፈር የሚዘዋወር የሠራዊት ቤተሰብ ልጅ በተወለደ ጊዜ ሳይውል ሳያድር ያስመዝግብ። የጋብቻ ወረቀት፣ የክርስትና ወይም የኒካሕ ማስረጃ፣ የድሮ ደብዳቤና ፎቶግራፍ በአንድ ሣጥን ይቀመጡ። ሚስትም ሣጥኑ የት እንዳለ ትወቅ።

አራተኛ፣ በጦር ሠፈሩ ያለችውን የድብልቅ ቤት እመቤት ብቻዋን አንተዋት። በ1990 ዓ.ም. የወጡ ሰዎችን ልጆች ያሳደጉና የቤት ቁልፍ በአደራ የያዙ ጎረቤቶች ነበሩ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚባለው በእነርሱ እውነት ሆኗል። ወሬ ሲከፋ ከቡናው የምትቀር ሴት ብትኖር፣ ጀበናውን ይዞ ወደ እርሷ ቤት መሄድ ይገባል። ለቅሶዋም በሩቅ አገር ለሞተባት ሰው ቢሆን፣ ዕድሩ ድንኳን ይትከልላት።

ወደ ሕፃኑ ጥያቄ እንመለስ። መልሱ አጭር ነው። «አያትህ አያትህ ናቸው። መንግሥታት ተጣልተው ይሆናል፤ እኛና እርሳቸው ግን አልተጣላንም።» ይህን መልስ ለመስጠት አባትየው መለዮውን ማውለቅ አይኖርበትም። ወታደር ዳር ድንበር የሚጠብቀው ከኋላው ያለው ማዕድ በሰላም እንዲቆረስ ነው። ያ ድንበር በማዕዱ መካከል እንዲያልፍ ግን ማንም ትእዛዝ አልሰጠውም፤ ሊሰጠውም አይችልም።